ትልቅ የጥበቃ ውሻ ከመጠለያ ልንወስድ ነው፤ ልምድ ያላችሁ ምክራችሁን ለግሱን

የዉድብሪጅ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ ዉድብሪጅ ነው። ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ቤት ከገዛን ብዙም አልቆየን። ከኋላችን ጫካ ነው፤ ኮዮት የሚሉት ቀበሮ መሰል አውሬ ሌሊት ሲያላዝን ይሰማናል። በሰፈሩም መኪና እየተከፈተ ዕቃ መጥፋት ጀምሯል። ባለቤቴ የሌሊት ሠራተኛ ስለሆነ እኔ፣ ልጆቼና እናቴ ብቻችንን ነው የምናድረው። ልጆቹ የስድስትና የአሥር ዓመት ናቸው። ውሻ ካላመጣችሁልን ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ባለቤቴም «ካልቀረ የሚጠብቀን ትልቅ ውሻ ይሁን» አለ።

ቅዳሜ አንድ የእንስሳት መጠለያ ሄደን ግሬት ፒሬኒስ የሚባል ዝርያ ያለው ነጭ ወንድ ውሻ አየን። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ነው፣ 49 ኪሎ ይመዝናል። የመጣው ከቴክሳስ ነው፤ ከፍየል እርባታ ወጥቶ መንገድ ላይ ሲንከራተት ተገኘ ይላሉ። ተኮላሽቷል፣ ተከትቧል፤ የልብ ትል ስለተገኘበት ሕክምና ላይ ነው። ሌሎቹ ውሾች እየዘለሉ ሲጮኹ እርሱ ጥግ ላይ ተጋድሞ ዝም ብሎ ይመለከተን ነበር። ታናሽዋ ልጄ ስትጠጋ ግን ቀስ ብሎ ተነሥቶ መጣና በሽቦው በኩል ጎኑን አስደገፈላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም።

የምፈልገው ምክር ይህ ነው። እንዲህ የረጋ ውሻ በእውነት ይጠብቃል? ባለቤቴ ግቢ ውስጥ ቤት ተሠርቶለት ቀን ታስሮ ሌሊት ይለቀቅ ይላል፤ ይሆናል? አጥራችን አራት ጫማ የእንጨት አጥር ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ የእናቴ ነገር ነው። ልጅ እያለች የጎረቤታቸው ልጅ በእብድ ውሻ ተነክሶ ሲሞት አይታለች፤ እስከ ዛሬ ውሻ ስታይ መንገድ ትቀይራለች። የጸሎት ሰውም ናት። እርሷን አስከፍቼ የማመጣው ውሻ አይኖርም።

የዴንቨር ነዋሪ

እህቴ፣ እኛም ሴት ፒሬኒስ ከመጠለያ ወስደን ዓመታት አስቆጥረናል። ቀን መተኛቱ እንዳያሳስብሽ። ይህ ዝርያ በፈረንሳይና በስፔን መካከል ባሉት የፒሬኔ ተራሮች ለዘመናት ከበጎች ጋር ያደረ ነው፤ ሥራው የሚጀምረው ሲመሽ ነው። ቀን ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ ይጋደማል፤ ዐይኑ ግን አይዘጋም።

የሚጠብቀው በመንከስ አይደለም፤ በመጮህ ነው። ገና ከሩቅ «እዚህ እኔ አለሁ» ብሎ ለአውሬው ያስታውቃል፤ አውሬውም አማርጦ ወደ ሌላ ይሄዳል። እኛ አገር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል፤ የእነዚህ ግን ጅቡ ሳይመጣ ነው። ይህ በበጎቹ ሜዳ ላይ ድንቅ ነው። በሰፈር ውስጥ ግን አጋዘን ሲያልፍ ይጮኻል፣ የጎረቤት ጋራዥ ሲከፈት ይጮኻል፣ ሌላ መንገድ ላይ ያለ ውሻ ሲጮኽም ይመልሳል፤ ድምፁም ከደረት የሚወጣ ነጎድጓድ ነው። ሌሊት ውጭ ካሳደራችሁት በሳምንት ውስጥ ጎረቤት ለካውንቲው (ለአካባቢው አስተዳደር) ስልክ ይደውላል። የእኛዋ የምታድረው ቤት ውስጥ፣ ከደረጃው ሥር ነው። በመስኮት ሰው ካየች ከዚያው ሆና ታስታውቃለች፤ ለሌባ ደግሞ ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ ይብሳል።

ባለቤትሽ የሌሊት ሠራተኛ ከሆነ ቀን ነው የሚተኛው ማለት ነው። ፖስተኛው ሲመጣ ምን እንደሚሆን ከአሁኑ ተነጋገሩበት።

አራት ጫማ አጥር ለእርሱ አጥር አይደለም። ቢያንስ ስድስት ጫማ ያስፈልጋል፤ ከሥር ቆፍሮ እንዳይወጣም መሬቱ ላይ ሽቦ ይነጠፋል። አንገት ላይ የሚታሰር የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ «የማይታይ አጥር» ይሸጡላችሁ ይሆናል፤ ገንዘባችሁን አታውጡ። ኮዮት ያየ ፒሬኒስ ንዝረቱን ችሎ ያልፋል፤ ከሄደ በኋላ ደግሞ ንዝረቱን ፈርቶ አይመለስም። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ስም ሲጠራ እየሮጠ የሚመጣ ዓይነትም አይደለም። ይሰማሻል፣ ያስባል፣ ከዚያ ይወስናል። ለዘመናት ሰው በሌለበት ተራራ ላይ ራሱ እየወሰነ የኖረን ዘር በአንድ ወር ሥልጠና ታዛዥ አታደርጊውም። ስለዚህ ከግቢ ውጭ ያለ ገመድ አይለቀቅም፤ ይህ ድርድር የለውም።

መንዜው አዛውንት

ልጄ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ያደግሁት መንዝ በጎች መካከል ነው። የእኛ ውሾች እንደዚህ ነጭና ግዙፍ አልነበሩም፤ ሥራቸው ግን ያው ነበር። ቡችላው ዐይኑን ከገለጠ ጀምሮ ከግልገሎች ጋር በረት ያድራል፤ አጓት ይሰጠዋል፣ የገብስ ቂጣ ይጣልለታል። በጎቹ ሲሰማሩ ይከተላል፣ ሲገቡ ይገባል። ጅብ በመጣ ሌሊት በበረቱ አፍ ቆሞ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም በጆሮዬ አለ።

ስለ ማሰር የጠየቅሽውን ልመልስ። ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ ውሻ የከተማ ልማድ ነው። እረኛ ውሻውን አያስርም። ሲታሰር የሚውል ውሻ ይከፋል፤ የሚያልፈው ሁሉ ጠላት ይመስለዋል፤ የተለቀቀ ቀን የሚነክሰው ሌባውን ሳይሆን ወተት ይዞ የመጣውን ልጅ ነው። ባለቤትሽ ጠባቂ ከፈለገ በሰንሰለት አያገኘውም። ይህ ውሻ የሚጠብቀው አብሮት የሚኖረውን ነው፤ ከእናንተ ካልኖረ እናንተን ለምን ይጠብቃል?

ስለ እናትሽ ጸሎት ግን እኔም ከእርሷ ጋር ነኝ። የምትጸልይበት ክፍል በሩ ይዘጋ፤ ነጠላዋና መጽሐፏ ውሻው በማይደርስበት ይሁን። ይህ ከተጠበቀላት ብዙ ነገር ትችላለች። ለልጅ ልጆቿ ስትል እናት የማትችለው የለም፤ ነገር ግን አስቀድማችሁ ጠይቋት፤ አምጥታችሁ አትንገሯት።

የሲልቨር ስፕሪንግ ነጋዴ

ከሁሉም አስተያየት በአክብሮት እለያለሁ። ታሪኩ የማይታወቅ 49 ኪሎ ውሻ የስድስት ዓመት ልጅ ያለበት ቤት ማስገባት ድፍረት ነው። መንገድ ላይ የተገኘ ነው ብለዋል፤ ከመገኘቱ በፊት ምን እንደደረሰበት፣ ማንን እንደነከሰ ማን ያውቃል? ለሌባ ካሜራና ጥሩ መብራት ይበቃል። ውሻ የግድ ከሆነ ደግሞ ወላጆቹ ከሚታወቁ አርቢ ቡችላ ገዝቶ ማሳደግ ይሻላል። የቤት መድን ድርጅቶችም ስለ ውሻው ዝርያ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹ ትልልቅ የጥበቃ ዝርያ ካለ ሽፋኑን ይቀንሳሉ ወይም እምቢ ይላሉ። ይህን ሳታጣሩ ፊርማ አታስቀምጡ።

በጎ ፈቃደኛዋ

ወንድሜ፣ የመድኑ ምክርህ ትክክል ነው፤ እህታችን ነገውኑ ትደውል። በቀረው ግን አልስማማም። እኔ በትርፍ ጊዜዬ መጠለያ ውስጥ አገለግላለሁ። ቡችላ ስትገዛ የምትገዛው ተስፋ ነው፤ ይህ ዝርያ ሙሉ ጠባዩ የሚታወቀው ሁለት ዓመት አካባቢ ደርሶ ነው። ቡችላ እያለ ከሁሉ ጋር የሚጫወተው ሲጎለምስ እንግዳ አላስገባም ሊል ይችላል። ሁለት ዓመት ተኩል የሆነውን ውሻ ግን ዛሬ ያየኸው ነው ማንነቱ። ከልጅ፣ ከድመት፣ ከሌላ ውሻ ጋር ምን እንደሚመስል ሄደህ በዐይንህ ማየት ትችላለህ።

እህቴ፣ መጠለያውን የምትጠይቂው «ጥሩ ውሻ ነው?» ብለሽ አይደለም። ምግቡን እየበላ ሰው ሲጠጋው ምን ያደርጋል? ጆሮውንና መዳፉን ሲነኩት ይፈቅዳል? ከመጠለያው ውጭ ሰው ቤት አድሮ ያውቃል? አድሮ ከሆነ ያሳደረውን ሰው አገናኙኝ በይ፤ ከማንም በላይ እውነቱን የሚነግርሽ እርሱ ነው። ከተከፈለ በኋላ ባይስማማ ይመልሱታል ወይ? ጥሩ ድርጅት ውሻውን በማንኛውም ጊዜ መልሶ ለመቀበል በጽሑፍ ይፈርማል። ሁሉንም እየሸፋፈነ «ዛሬውኑ ውሰዱት» ከሚል ድርጅት ራቂ።

ስለ ዝምታው አንድ ነገር ልጨምር። መጠለያ ውስጥ ዝም ያለ ውሻ የረጋም ሊሆን ይችላል፣ የደነገጠም ሊሆን ይችላል። በእኛ ሥራ ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር የሚባል ልማዳዊ መለኪያ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይሸሸጋል፣ ላይበላም ይችላል። በሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ይለምዳል፤ እውነተኛው ጠባይ ብቅ ማለት የሚጀምረው ያኔ ነው። ቤቴ ነው የሚለው ወደ ሦስት ወር ሲጠጋ ነው። ጥበቃውም አብሮ የሚመጣው ያኔ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ «ይህ ውሻ አይጮኽም» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። በዚያ ወቅት ዘመድ አዝማድ ጠርታችሁ ድግስ እንዳትደግሱ አደራ። እኛ ሐበሾች አዲስ ነገር ቤት ሲገባ ሰው መጥራት እንወዳለን፤ ለእርሱ ግን እያንዳንዱ እንግዳ ገና ያልፈታው ጥያቄ ነው።

ልጆቹን በሚመለከት፦ ሲበላና ሲተኛ አይነካም፤ አይታቀፍም፤ የልጅ ጓደኛ ቤት ሲመጣ ሁልጊዜ ትልቅ ሰው አብሮ ይሁን። ይህ ዝርያ የቤቱን ልጅ እንደ ግልገል ይመለከታል። የጎረቤት ልጅ በጨዋታ ልጅሽን ገፍቶ ብትጮህ ግን ጨዋታ መሆኑን አያውቅም።

የእንስሳት ሐኪሙ

እንደምን አላችሁ። አሁን ሜሪላንድ ነው የምሠራው፤ ቀድሞ አገር ቤት፣ ባሌ ውስጥ ነበርኩ። ስለ ልብ ትሉ ማንም ስላላነሣው ልግባበት።

የልብ ትል በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ ጥገኛ ነው። በልብና በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል፤ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ትንኝ በሚበዛባቸው የደቡብ ግዛቶች፣ ቴክሳስን ጨምሮ፣ መከላከያ ሳይሰጣቸው ያደጉ ውሾች ላይ በብዛት ይገኛል። በመላስም ሆነ በመንከስ ወደ ልጆችሽ አይተላለፍም። ይታከማል፤ ግን ከባድ ነው። ሜላርሶሚን የተባለው መድኃኒት የጀርባ ጡንቻ ውስጥ በመርፌ ይሰጣል፦ መጀመሪያ አንድ፣ ከወር በኋላ ደግሞ በተከታታይ ቀናት ሁለት። አደጋው ትሉ ሲሞት ነው። የሞተው ትል ተሰባብሮ በደም ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ በዚያ ወቅት ውሻው ከሮጠና ልቡ በኃይል ከመታ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው መርፌ አንሥቶ ከመጨረሻው በኋላ እስከ ስድስትና ስምንት ሳምንት ድረስ ሩጫ፣ ዝላይ፣ ከልጆች ጋር መራወጥ የለም። ለሽንት እንኳን በገመድ ተይዞ ነው የሚወጣው። የትኛው መርፌ እንደቀረውና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ሙሉ ሕክምናው ከ1,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ካገገመ በኋላ መከላከያው በየወሩ፣ ዕድሜ ልኩን ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ አስቸኳይ ነው። ደረታቸው ጥልቅ የሆኑ ትልልቅ ውሾች ጨጓራቸው በጋዝ ተነፍቶ ሊጠመዘዝ ይችላል። ሆዱ ከተነፋ፣ ለማስታወክ እየታገለ ምንም ካልወጣው፣ ምራቁ ከተዝረከረከና መቀመጫ ካጣ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። መዳኛው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። አንቺ ሌሊት ያለ ባለቤትሽ ነው የምታድሪው፤ ሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ድንገተኛ ክሊኒክ የት እንዳለ ከአሁኑ እወቂ፤ 49 ኪሎ ውሻ እንዴት መኪና ውስጥ እንደምታስገቢም አስቢበት። ምግቡን በቀን አንድ ጊዜ ከመቆለል ለሁለት መክፈል ይሻላል። ለሌላ ነገር ሰመመን በተሰጠው ጊዜ ጨጓራውን ከሆድ ግድግዳ ጋር የሚሰፋ መከላከያ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ለዚህ ዝርያ እኔ እመክረዋለሁ። ከልብ ትሉ ካገገመ በኋላ ማለቴ ነው።

በበጋ ሞቀው ብላችሁ ጠጉሩን አትላጩት። ድርቡ ጠጉር ብርዱንም ፀሐዩንም ይከላከልለታል፤ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ማበጠር በቂ ነው። በኋላ እግሮቹ ላይ ሁለት ሁለት ትርፍ ጥፍር ታያላችሁ፤ የዝርያው ምልክት ነው። መሬት ስለማይነኩ በራሳቸው ተፍቀው አያልቁም፤ ካልተቆረጡ ዞረው ሥጋውን ይወጋሉ።

ስለ እናትሽ ፍርሃት። ፍርሃቷ ከእውነት የመጣ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ አገራችንም ከአፍሪካ በበሽታው ክፉኛ ከሚጎዱት አንዷ ናት። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2003 ወረርሽኙ ከእረኞች ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተሻግሮ በዌብ ሸለቆ አብዛኞቹን ጨርሷቸዋል፤ በዓለም ላይ የቀሩት ደግሞ ጥቂት መቶ ብቻ ናቸው። የቀበሮዎቹ ጥበቃ ፕሮግራም ዛሬም የእረኞቹን ውሾች እየዞረ የሚከትበው ለዚህ ነው። ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ውሻው በጉን ሊጠብቅ ወጥቶ በሽታ ተሸክሞ የሚመለሰው የሚከትበው ስላጣ ብቻ ነው። አሜሪካ ግን ከውሻ ወደ ውሻ የሚዛመተው የበሽታው ዓይነት መጥፋቱን በ2007 አውጃለች። በዱር አውሬዎች፣ በራኩን፣ በቀበሮና በሌሊት ወፍ ላይ አሁንም አለ፤ ከቤትሽ ጀርባ ጫካ ስላለ ክትባቱ ቀኑን እንዳያልፍ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከአራት ወር በላይ ለሆነ ውሻ ሁሉ ክትባቱ በሕግ ግዴታ ነው። የክትባት ወረቀቱን ለእናትሽ በአማርኛ አንብቢላት። ብዙ እናቶች ፊት አንብቤዋለሁ፤ ከማባበል ይልቅ ወረቀቱ ይረዳል።

የቴክሳስ ፍየል አርቢ

ይህ ውሻ ከእኔ ሰፈር ስለመጣ እኔም ልናገር። ፍየል አረባለሁ፤ በፋሲካና በኢድ የሐበሻ ደንበኞቼ ብዙ ናቸው። ቴክሳስ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ በፍየልም በበግም ቀዳሚ ናት። በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፌዴራል መሬት ላይ አውሬን በመርዝ መግደልን ከለከሉ፤ አርቢዎች ሌላ መላ መፈለግ ያዙ። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ በማሳቹሴትስ በሃምፕሻየር ኮሌጅ ሬይ ኮፒንገርና ሎርና ኮፒንገር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ከአውሮፓና ከቱርክ የእረኛ ውሾች አምጥተው ለገበሬዎች እያደሉ ማጥናት ጀመሩ። ያገኙት መንዜው አባታችን ከላይ የተናገሩት ነው፦ ቡችላው በለጋነቱ ከማን ጋር ካደገ ያንን ይጠብቃል።

ችግሩ እዚህ ብዙ አርቢ ውሾቹን አያኮላሽም። አንዲት ሴት ውሻ በአንድ ጊዜ ስምንትና አሥር ትወልዳለች፤ የሚፈለጉት አንድ ወይም ሁለት ናቸው። ቀሪዎቹ ይሰጣሉ፣ ይጠፋሉ፣ መንገድ ላይ ይገኛሉ። የገጠሩ መጠለያዎች ሞልተዋል፤ ቦታ ሲጠፋ በመርፌ ይገደላሉ። እናንተ ጋ በመኪና ተጭነው የሚመጡት ከዚያ የተረፉት ናቸው። ከእርባታ ያመለጠ ውሻ ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ገና ወጣት ሳለ ግልገል በጨዋታ ያሳድድና ባለቤቱ ተናድዶ ያባርረዋል፤ አንዳንዱ ከፍየል ይልቅ ሰው ይወዳል፣ እየሾለከ ቤት ደጃፍ ያድራል። ልጅሽ ላይ ጎኑን ያስደገፈው ውሻ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ይመስለኛል።

ይህን ሥራ በአፍሪካም ማየት ለምትፈልጉ፣ ናሚቢያ ውስጥ ሎሪ ማርከር ያቋቋሙት የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ድርጅት ከ1994 ጀምሮ ካንጋልና አናቶሊያን የሚባሉትን የቱርክ ውሾች ለገበሬዎች ይሰጣል። ውሻው ሲጮኽ አቦ ሸማኔዋ ትሸሻለች፤ ፍየሉ ይተርፋል፤ ገበሬውም አቦ ሸማኔዋን አይተኩስባትም። ለአገራችን አርብቶ አደሮችም እንዲህ ዓይነት ነገር ቢታሰብ ደስ ይለኛል።

የሚኒያፖሊሷ ወሎዬ

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ይህ ጥያቄ ለእኛም ቤት ይመጣልና ልጻፍ። በሐዲስ ለከብት ጥበቃ፣ ለእርሻና ለአደን ውሻ መያዝ ተፈቅዷል። የዋሻው ባልደረቦች ውሻም በቁርአን ተጠቅሷል። በሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት) የውሻ ምራቅ ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ ነው፤ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር ይታጠባል። ማሊኪዎች ዘንድ ደግሞ ንጹሕ ነው። ወንድሜ ከከተማ ወጣ ብሎ በግ ያረባል፤ አናቶሊያን ከመጠለያ ወስዶ ከበጎቹ ጋር ነው የሚያሳድረው። የሰላት ልብሱ ለብቻ ነው፤ ውሻውም ከሰው ቤት አይገባም፤ ግን መንጋው ቤተሰቡ ስለሆነ ብቸኛ አይደለም። እህታችን የበግ መንጋ የላትም። ውጭ ብቻውን ከተተወ የእርሱ መንጋ የት አለ? ጉዳዩን እንዲህ ብታይው ብዬ ነው።

የዉድብሪጅ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፋችሁን ለባለቤቴ እያነበብኩለት አመሸን። የመንዜው አባታችን ቃል እርሱንም መለሰው፤ ማሰር የሚለው ነገር ተሠርዟል። የመድን ድርጅቱ ዝርያውን መዝግቦ ችግር የለውም ብሏል። የሰፈር ማኅበሩ ከኋላ ስድስት ጫማ አጥር ፈቅዷል፤ ከፊት ግን አይፈቅድም።

እናቴን ወስጃት ሄድኩ። ወደ ውሻው አልቀረበችም፤ ሩቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያሳደረችውን ሴት እዚያው አገኘናትና ከድመት ጋር ደህና መሆኑን፣ ሲበላ ሰው ሲጠጋው ምንም እንደማይል፣ ግን ነጎድጓድ ሲሆን መታጠቢያ ቤት ገብቶ እንደሚሸሸግ ነገረችን። እናቴ ይህን ስተረጉምላት «ይህን የሚያህል ፍጥረት ነጎድጓድ ይፈራል?» ብላ በጣም አዘነችለት። የክትባት ወረቀቱንም አነበብኩላት፤ ቀኑን ሁለቴ አስደገመችኝ። ከመኪና ሳንወርድ «ክፍሌ እንዳይገባ እንጂ ይምጣ» አለች።

መርፌው አንድ ነው የተሰጠው፤ ሁለቱ ይቀሩታል። መጠለያው ወጪውን ይሸፍናል፤ ሕክምናው እስኪያልቅ በጊዜያዊነት እኛ ጋ ይቆይና ከዚያ ፊርማው ይፈጸማል ብለዋል። የማደጎው ክፍያ 350 ዶላር ነው። አሁን የሚያሳስበኝ ያ ሁሉ ሳምንት ሳይሮጥ እንዴት ይቆያል የሚለው ነው። ልጆቼን ነው ማሰር ያለብኝ።

ሲኤምሲ አዲስ አበባ

ከአገር ቤት ሰላምታ። እዚህም ትልልቅ የጥበቃ ውሾችን ማርባትና መሸጥ እየተስፋፋ ነው፤ ብዙዎቹ ግን ጠባብ የሲሚንቶ ግቢ ውስጥ ሲታሰሩ ውለው ያድራሉ። ይህን ውይይት ለሰፈራችን ሰዎች አጋርቼዋለሁ። ሐኪሙን አንድ ልጠይቅ፦ ሰው ቢነከስ ወዲያውኑ ምን ይደረግ? እዚህ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ባህል መድኃኒት ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ

ወዲያውኑ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ሙሉ 15 ደቂቃ ማጠብ፤ ከዚያ በዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ሄዶ የክትባቱን መርፌ መጀመር። ቁስሉ ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅም። ጸበሉም ጸሎቱም ከመርፌው ጋር ይሁን፤ በመርፌው ፋንታ ግን አይሁን። የነከሰው ውሻ የሚታወቅ ከሆነ አትግደሉት፤ አሥር ቀን ተዘግቶበት ይታይ።

የዉድብሪጅ እህቴ፣ ስለ ሩጫው አትጨነቂ። በዝርያው ጠባይ ቀን ይተኛል፤ ከወጣት ላብራዶር በጣም ይቀላል። ዋናው ሌሊት ነው፤ ኮዮት ሰምቶ ወደ በር እንዳይወረወር መኝታው መስኮት የሌለበት ክፍል ይሁን። ሐኪሙ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል፤ ለመጠየቅ አታፍሪ። ሳል ከጀመረው፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ምግብ ከተወ ሰዓት ሳትጠብቂ ደውይ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ነጋዴ

ያሳደረችውን ሴት ማግኘታችሁ የእኔን ሥጋት አቅልሎታል። በጊዜያዊነት መጀመሩም ጥሩ ነው። መልካም ይሁንላችሁ።

የዴንቨር ነዋሪ

ደስ ብሎኛል። አጥሩን ለሚሠራው ሰው አንድ ነገር ንገሩት፦ የግቢው በር ወደ ውስጥ የሚከፈት፣ መቀርቀሪያው በአፍንጫ ሊገፋ የማይችል ይሁን፤ የእኛዋ ያመለጠችው በአጥሩ ሳይሆን በበሩ ነበር። ከፊት አጥር ስለማይፈቀድ ደግሞ የፊቱ በር ሲከፈት ውሻው ሁልጊዜ ከሌላ በር ጀርባ ይሁን፤ ልጆቹ ይህን ከአሁኑ ይለማመዱት። ከመምጣቱ በፊት ማይክሮቺፑ (ከቆዳው ሥር የሚገባው መለያ) በእናንተ ስልክ ቁጥር እንዲመዘገብ አድርጉ፤ የካውንቲውን የውሻ ፈቃድም አውጡ።

ጎረቤቶቻችሁንም ቀድማችሁ አነጋግሩ። ሲጮኽ አትጩኹበት፤ አብራችሁት የምትጮኹ ይመስለዋል። ተነሡ፣ ያየውን ነገር አብራችሁት እዩ፣ «በቃ፣ አይቼዋለሁ» በሉትና ወደ ቤት አስገቡት። ለሳምንታት ምንም የተለወጠ አይመስልም፤ በኋላ ግን አንቺ ካየሽው ሥራው እንደተጠናቀቀ መቁጠር ይጀምራል።